በትርፍ ዲስክ ላይ ሰባት ቤት

እስራኤል ውስጥ፣ በአፉላ ከተማ የኔን ያህል ባዶ ቦታ የነበረው ሰው የለም። ቤቴን አይታችሁ እንዳትስቁ፤ አፉላ ኢሊት የሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል፣ ስድስት ነፍስ ነን። በረንዳው ላይ ብስክሌትና የክረምት ብርድ ልብስ ተደራርቦ መስኮቱ እንኳ አይከፈትም። የማወራው ስለ ሌላው ቦታዬ ነው። ታች ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ የፕላስቲክ ሳህን በምንሠራበት ፋብሪካ፣ ከማሸጊያው ጀርባ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል አለች። እዚያ የቆመው ሰርቨር፣ ማለት የፋብሪካውን መዝገብ ሁሉ ይይዝ የነበረው ትልቁ ኮምፒውተር፣ አራት ዲስክ አለው። ከአራቱ ሦስት ተኩሉ ባዶ ነበር። አባቶቼ ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤል ናችሁና ርስት አይገባችሁም ተብለው በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ኖሩ። እኔ ደግሞ እዚህ መጥቼ ማንም ያልፈለገውን ርስት አገኘሁና ዘራሁበት። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም።

ስለራሴ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ሁልጊዜ ያሳንሰዋል። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ በሩ ላይም አልቆምኩም። ፋብሪካው የቀጠረኝ ካርቶን እንዳሽግ ነው። መለያ ወረቀት የምታትመው ኮምፒውተር በየሳምንቱ ትቆም ነበርና ቴክኒሻን ከሃይፋ ይመጣል፤ ሁለት ቦታ ይነካል፣ ይሄዳል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ጣቶቹን አየሁ። አራተኛው ጊዜ ላይ መኪናውን አቁሞ ሳይገባ ማሽኗ ትሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ እየተንተባተብኩ በዕብራይስጥ አነበብኩ፣ በስልክ ላይ እያቆምኩ እየመለስኩ ቪዲዮ አየሁ። ሁለት ኮምፒውተር አበላሽቼ ሦስት ጠገንኩ። ብልሃቴን ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

ታዲያ ፋብሪካው መዝገቡን ወደ ደመና አዛወረ። ደመና የሚሉት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ ስሙ ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። የድሮው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሊወጣ ወር ሲቀረው ጠራኝና፣

«ሰርቨሩን አታጥፋው፤ ምናልባት እንፈልገዋለን» አለኝ።

«ባዶውንስ ምን ላድርገው?»

«ድንች ትከልበት» አለኝ።

ፈቃድ ማለት ይኼ ነው። በጽሑፍ አልሰጠኝም እንጂ ሰጥቶኛል።

መጀመሪያ የተከልኩት የእህቴን ፎቶዎች ነው፤ ስልኳ ሞልቶ ሰው ሲደውልላት እንኳ ይንቀራፈፍ ነበር። እህቴ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷ ለሕንፃው ሁሉ። ሰርግ መጣ፣ ለቅሶ መጣ፣ ከስምንት መቶ እንግዳ ጋር የስድስት ሰዓት ጭፈራ መጣ። ሁሉንም ተቀበልኩ። ቦታ ያለው ሰው ለምን ይሰስታል?

ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከአባባ ነው። አባባ የምንለው የአባቴን ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ልጆች ተዋደው ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእናትም በአባትም ሰባት ትውልድ ወደኋላ ይኬዳል፤ በመሀል ደም ከተገናኘ እህትና ወንድም ናችሁ ይባላሉ፣ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ይህን ቆጠራ በልቡ የያዘ ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። አባባ አንዱ ነበር። ከሰሜን እስከ ደቡብ ልጅ የሚድር ሁሉ እሱ ጋ ይደውላል። አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረና፣

«ምላሴ ተላጠ» አለ። «አንዴ ልቁጠርልህና ያዘው። ከዚያ ለሚደውለው ሁሉ ያንን ሣጥንህን አጫውትለት።»

አሥራ አንድ ቀን ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ቆጠረ፤ በሰንበታችን፣ ቅዳሜ፣ መቅዳት ስለማይሆን አሥራ አንዱም እሑድ ማታ ነበር። እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን አገባች፣ ያ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፣ ያቺ ወደ ትግራይ ተዳረች። ያለ ወረቀት፣ ያለ መነጽር። ያለፈው ክረምት ሞተ። ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ለቅሶው ላይ እንኳ ትንሽ ኮርቼ ተቀመጥኩ፤ ቆጠራው ፋብሪካው ውስጥ አለ ብዬ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ አንድ ጥፋት ስላለኝ አንዱን ብናገር አይጎዳኝም። እያንዳንዱን ቅጂ በቤተሰብ ስምና በትውልድ ቀን፣ ቅጂው ሲበዛም በተራ ቁጥር ነበር የምሰይመው። ክሊኒክም ሰው የሚፈልጉት እንደዚያ ነው፤ ለሐኪም የበቃ ለኔ አይበቃም? የረሳሁት ነገር ቢኖር የትኞቹን ሰዎች እንደምሰይም ነው። እዚህ አገር ስንገባ ጸሐፊው «መቼ ተወለድክ?» ሲል ሽማግሌዎቻችን «ዝናቡ የከፋ ጊዜ» አሉት፤ «አንበጣ በመጣ ማግሥት» አሉት። ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ ሁሉንም በአንደኛው ወር በአንደኛው ቀን ወለዳቸው። የኔም መታወቂያ እንደዚያው ነው፤ ልደቴን ከግማሽ ወገኔ ጋር አብሬ ነው የማከብረው። ስሙም ቢሆን ያው የአያት ስም ነው፣ ተደጋጋሚ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ፋይል አለ፣ በአዲሱ ይተካ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሁለቴ የሚጠይቀኝ ማሽን አልወድም። «ሁሉንም ተካ» አልኩት።

ይኼን ያወቅሁት የእህቴ ልጅ ጉዳይ ሲመጣ ነው። ልጅቱ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ረጋ ያለች፣ እኔን የማትመስል። አንድ ጨዋ ልጅ ወደደች፤ አዳራሹ ተያዘ፣ ቀኑ ተቆረጠ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልጁ እናት አጎት፣ ሐደራ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ደውለው ሰርጉን አስቆሙት።

«አንዲት ሴት አለች» አሉ፤ «ከእናንተ ቤት ወጥታ ወደኛ የተዳረች። በሷ ሲቆጠር ስድስተኛው ቤት ላይ ትገናኛላችሁ ይመስለኛል።»

እህቴ ሁለት ቀን አለቀሰች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ከሥራ ቀጥታ እኔ ቤት መጣችና ጃኬቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ዶድ» አለችኝ፤ አጎቴን በዕብራይስጥ ነው የምትለኝ። «ስድስት ከሆነ እተወዋለሁ። እናቴን አስለቅሼ፣ ወንድሜን አግብቼ አልኖርም። ግን 'ይመስለኛል' በሚል ቃል አልተወውም። አባባ ስለዚያች ሴት ምን እንዳለ አምጣልኝ።»

«በእጄ ነው ያለው» አልኳት። «ነገ ማታ ተቀምጠሽ ትሰሚዋለሽ።»

በነጋታው ፋብሪካ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። አባባ የለም። ሌላ ሽማግሌ ስለ አንዲት በቅሎ ያወራሉ። ወንዝ አልሻገርም ብላ የቆመች በቅሎ። ስማቸው ከአባባ ጋር አንድ፣ ልደታቸው አንድ፣ ዓመቱ እንኳ አንድ። አሥራ አንዱንም ከፈትኩ፤ ዘጠኙ በሌላ ሰው ተተክቷል፤ በቀሩት ሁለቱ ያቺ ሴት አትጠራም። ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት በቅሎዋን ሰማሁ፤ እስከ መጨረሻው አልተሻገረችም።

እንግዲህ ጉራዬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ባዶ ቦታው ብዙ ስለነበር በየሳምንቱ ዓርብ ቀትር ላይ የሁሉም ነገር ግልባጭ እንዲቀመጥ አዝዤው ነበር፤ ሰርቨሩ ስም እንጂ ሥራ ስላልነበረው። አሮጌውን ግልባጭ ማጥፋት ደግሞ ያስፈልግ የነበረው ቦታ ላነሰው ሰው ነው። ለኔ አላነሰኝም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ የሆኑ ዓርቦች ተጠቅልለው እዚያ ተኝተዋል፤ ከነሱ በአንዱ ውስጥ አባባ ገና አልተተካም። ችግሩ ማሽኑ አርጅቷል፤ አንዱን ዓርብ ፈትቶ ለማሳየት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

ልጅቱን ጥቂት ቀን ታገሺኝ ብያት ማክሰኞ የመጀመሪያውን ዓርብ እየፈታሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። ከዋናው ቢሮ የመጣ ወጣት የኮምፒውተር ኃላፊ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፣ እጁ ላይ ቅጽ ይዟል።

«የሰርቨሩ ተጠያቂ የት ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ተጠያቂው።»

«ወጥተህ ተመልሰህ ግባ» አልኩት። «ያኔም እኔ ነኝ የምሆነው።»

ፈገግ አለ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። ዲስኮቹ ሐሙስ ቀትር ላይ እንደሚወሰዱና እንደሚፈጩ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ጠርጌ ቅጹ ላይ መፈረም አለብኝ።

«ባዶ ነው አይደል?» አለ።

«ሙሉ ነው።»

«በምን?»

«ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ አንዲት በቅሎ አለች።»

ስክሪኑን አየና ፈገግታው ጠፋ። «ይህ የኩባንያው ንብረት ነው።»

«ብረቱ የኩባንያው ነው፣ አልካድኩም» አልኩት። «ውስጡ ያሉት ሰዎች ግን የኩባንያው ሠራተኞች አይደሉም። ጠርጌ አወጣቸዋለሁ ብለህ አትጠብቅ። አልፈርምም።»

«ሺሙዓ ትጠራለህ» አለኝ። ሺሙዓ የሚባለው ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት አስቀምጠው የሚጠይቁበት ስብሰባ ነው።

«ጥሩ፣ ብዙ የምለው ነገር አለኝ። ሐሙስ መኪናህን አምጣ፤ እኔም እመጣለሁ።»

ሲሄድ ወደ ማሽኔ ዞርኩ። ሺሙዓውን ለሚስቴም አልነገርኳትም። አራት ልጅ ያለው ሰው ሥራውን በበቅሎ አይለውጥም። ግን የእህቴ ልጅ ጃኬቷን ሳታወልቅ የቆመችበት አቋቋም ዓይኔ ላይ ነበር።

ከመቶ በላይ ዓርብ በሁለት ቀን አይፈታም። እኔ ግን የቧንቧም ሠራተኛ ነኝ። ረጅም ቧንቧ ሲዘጋ ከጫፍ ጀምሮ የሚከፍት ሞኝ ነው፤ መሀሉን ትከፍታለህ። ውሃ ካለ ድፍኑ ወደፊት ነው፣ ከሌለ ወደኋላ። የመሀሉን ዓርብ ፈታሁ፤ በቅሎ። ወደኋላ ሄጄ የግማሹን ግማሽ ፈታሁ፤ አባባ አለ፣ ግን ገና ሦስቱን እሑድ ብቻ ነው የቆጠረው። ወደፊት ትንሽ፤ በቅሎ። እንዲህ እያልኩ ማክሰኞና ረቡዕ በሥራ መሀልም ከሥራ በኋላም እዚያው ዋልኩ። መሐንዲሶች ለዚህ ብልሃት ስም አላቸው አሉ። እኔ ስሙን አላውቀውም፣ ብልሃቱን ግን ከቧንቧ ነው የወሰድኩት። ረቡዕ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ዘጠኝ እሑድ የያዘ ዓርብ ተፈታ፤ ዘጠነኛው ላይ አባባ የዚያችን ሴት ስም ጠራ። የቀረውን አልሰማሁም። ዘጋሁት። ብቻዬን ሰምቼ ስድስት ቢሆን እንዴት አድርጌ ወደ ቤት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

ለሐደራው ሽማግሌ ደወልኩ። «አባቴ፣ ድምፁ ተገኝቷል፤ አሁኑኑ በስልክ ልላክልዎ።»

«ከሴቷ ወገን እጅ የወጣ ድምፅ አልሰማም» አሉኝ። «ቆርጠህ ቀጥለህ ይሆናል። አንተ ቀልደኛ ነህ ይሉሃል።»

«እውነታቸውን ነው።»

«ካለበት ቦታ መጥቼ እሰማለሁ። እሱ ካለበት ሣጥን አፍ።»

ሐሙስ ጠዋት ከመሀል ከተማ፣ ከአውቶቡሱ ጣቢያ አመጣኋቸው። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የሰርግ ኮት። ለጥበቃው «የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው» አልኩት፤ አላስቆማቸውም። የእህቴ ልጅ ከሥራ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ወስዳ መጥታ በሩ ጋ ቆማለች። ሽማግሌው የሳህን ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው፣ «በል፣ ከራሱ ጀምርልኝ» አሉ።

አባባ መቁጠር ጀመረ። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ጣት አንጓ ላይ ይከተሉታል። አራተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ በሩ ተንኳኳ። ኃላፊው ነው፤ ሁለት ሠራተኛና ጋሪ ይዟል፤ ሰዓቱ ገና አልደረሰም።

«ቦከር ቶቭ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ዝግጁ ናችሁ?»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «አጥፋው» አሉኝ። «ተቋረጠ። ከራሱ ጀምር።»

«አባቴ፣ ካቆምንበት መቀጠል እኮ ይችላል» አልኳቸው። «ማሽን ነው፣ አይረሳም።»

«እሱ አይረሳም፣ እኔ እረሳለሁ። ቆጠራ ላይ ሰው ከገባ ቆጠራው ፈረሰ። አባቶቻችን ሲቆጥሩ ውሻ ቢጮህ ከራሱ ይጀምሩ ነበር።»

ለኃላፊው ተረጎምኩለት። ሰዓቱን አየና ጋሪውን ወደ ጥግ አስጠጋ። ከራሱ ጀመርን። ስድስተኛው አንጓ ላይ የጋሪው ሠራተኛ ስልክ ጮኸ። ሽማግሌው ጣታቸውን ፈተው እንደገና ዘጉ። ከራሱ። በዚህኛው የእህቴ ልጅ ራሷ ሄዳ የሠራተኞቹን ስልክ ከነሱ ተቀብላ ኪሷ ውስጥ አስገባች፣ ኃላፊውንም በዓይኗ ጠየቀችው። ሰጣት። ከዚያ ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ ቆመች፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።

አባባ ተረጋግቶ ቆጠረ። የሰርቨሩ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው። ኃላፊው አንድ ቃል ሳይገባው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በእጁ ያዘ። አባባ ያቺን ሴት ጠራና እንዲህ አለ፤

«እሷን እዚህ ቤት አትቁጠሯት። በክፉ ቀን እናቷ ሞታባት በሕፃንነቷ ከወገራ ያመጧት ናት። አሳደጓት፣ ዳሯት፤ አልወለዷትም። አባቷን እነግራችኋለሁ...» ብሎ የሌላ አገር፣ የሌላ ወገን ሰባት ቤት ቆጠረላት።

አለቀ። የእህቴ ልጅ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ሽማግሌው ጣታቸውን ፈቱ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እናቴ 'የወገራዋ' ትላት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሁላችንም ከአንድ አገር ነን ብዬ፣ እሷ ለምን የወገራ እንደምትባል ጠይቄ አላውቅም። ሳልጠይቅ ሸመገልኩ።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ልጄ፣ እናትሽን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ፊቷ ቀርቤ ራሴ እናገራለሁ። ተጋቡ፤ ደም አያገናኛችሁም።»

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል አይኗ ቀልቷል፤ ለኃላፊው ስልኩን ስትመልስለት ግን በደንበኛ የላቦራቶሪ ድምፅ «ስለ ትዕግሥትህ አመሰግናለሁ» አለችው።

ኃላፊው ቅጹን ወደኔ ዘረጋ። «አሁን ይቻላል?»

«አሁንማ ጭራሽ አይቻልም» አልኩት። «የሰማኸው አንድ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ የብዙ ሰው ልጅ ሰርግ አለ፤ ነገ የማን ሽማግሌ 'ይመስለኛል' እንደሚል አላውቅም። ሕዝቡ የየራሱን እስኪወስድ ዲስኩ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ከፈለግህ እኔን ጋሪው ላይ ጫነኝ፤ ከዲስኩ እከብዳለሁ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ግን ባዶ ጋሪ ይዞ ሄደ።

ሺሙዓው እውነትም መጣ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሰው፣ ከፊቴ ውሃና ብርጭቆ። «የኩባንያውን የዲስክ ቦታ ለግል ጉዳይ መጠቀምህን ታምናለህ?» አሉኝ።

«አምናለሁ፤ በትልቁ ጻፉት» አልኳቸው። «ሦስት ተኩል ዲስክ ባዶውን ሲዞር፣ መብራት ሲበላ፣ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሰው ልጅ ሲገባበት ነው ጥፋት የሆነው?»

ወጣቱ ኃላፊ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን እንዳየ ጠየቁት። «ድምፅ ሰማሁ» አለ። «ቋንቋውን አልሰማሁም። ግን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያ ሲጀምሩ አይቻለሁ። ስድስት ወር ስጡት፤ ከዚያ እኔ ራሴ እጠርገዋለሁ።»

ስድስት ወር ሰጡኝ፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር። ልጅቱ ተዳረች፤ የሐደራው ሽማግሌ የሴቷ ወገን ጋ ተቀምጠው በሉ። እኔ አሁን ለየቤቱ ሰው በትንንሽ ዲስክ የየራሱን እየገለበጥኩ ነው፤ በአዲስ አሰያየም፣ ከትውልድ ቀን ይልቅ በእናት ስም። ሁለት ወር ይቀረኛል። ባልጨርስ ተጨማሪ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ባይሰጡኝ ሳልጠይቅ እወስደዋለሁ። ይኼንንም በትልቁ ይጻፉት።